«ሃምሳ ብር ጨምሬም ሠራተኛ አልቆይ አለኝ»

ሰላም ናችሁ? የዛሬዎቹም እንደተለመደው የግንባታ ሳይት ጥያቄዎች ናቸው። ከሰሜን ሸዋ የመጡትን አራቱን አንድ ላይ አደረግኳቸው፤ ሳነባቸው አንዱ ለሌላው መልስ የሚሰጥ መሰለኝ። ረዘም ያሉትን አሳጥሬያለሁ። የማንንም ስም አላወጣም፣ አትስጉ።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የምሠራ አነስተኛ ተቋራጭ ነኝ። አሁን የያዝኩት ጂ ፕላስ 3 ነው፤ ሁለተኛው ሶሌታ (የወለል አርማታ) ላይ ደርሰናል። ችግሬ ሰው ነው። መስከረም ላይ 22 ሠራተኛ ነበረኝ፣ ከእነሱ ዛሬ ያሉት አምስት ናቸው። ሌላው በየሳምንቱ ይቀያየራል። አንዱን ፌሮ (የአርማታ ብረት) ማሰር አስተምሬ እጁ ሲፈታ ይሄዳል። ቅዳሜ ሒሳቡን ይቀበላል፣ ሰኞ የለም። ትልልቆቹ ሳይቶች እየወሰዱብኝ ነው ብዬ በቀን 50 ብር ጨመርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ክፉ ሰው አይደለሁም። ኅዳር ላይ አንድ ልጅ ከእርብራብ (ቆመው ከሚሠሩበት የእንጨት መወጣጫ) ወድቆ እግሩ ሲሰበር እንኳ ከኪሴ 5000 ብር ሰጥቼ ነው አገሩ መንዝ የሸኘሁት። የዘንድሮ ወጣት ሥራ አይወድም ወይስ እኔ ያላየሁት ነገር አለ?»

መልስ፦ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። (አንተ ልበልህ፤ ሁለታችንም የሲሚንቶ አቧራ የበላን ሰዎች ነን።) መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ሃምሳ ብሩ ላይ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ግን ኅዳር ላይ ቆምኩ። አንተ በአንድ መስመር ያለፍከው ነገር ነው መልሱ።

እስኪ ፔሮልህን አውጣ። ልጁ ከመውደቁ በፊት በነበሩት ሁለት ወራት ስንት ሰው ሄደብህ? ከዚያስ ወዲህ? መዝገብህን አላየሁትም፣ ግን ብንወራረድ የመንዝ በግ አስይዛለሁ። የተወሰኑት ለአጨዳ ነው የሄዱት፣ እሱን አልክድም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። ለአጨዳ የሄደ ግን አጭዶ ይመለሳል። ያንተዎቹ አልተመለሱም።

ያን ቀን ሳይቱ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ሲያይህ ነበር። ልጁን ማን እንዳነሳው አይተዋል። በምን መኪና እንደተጫነ፣ አንተ ራስህ ሆስፒታል እንደሄድክ ወይ ካቦውን (የሠራተኞቹን አለቃ) እንደላክህ፣ ከሰዓት በኋላ ሥራው እንደቆመ ወይ እንደቀጠለ፣ ያ የከዳው ጣውላ እንደተቀየረ ወይ ሁለት ሚስማር ተመቶለት እዚያው እንደቀረ፣ ሁሉንም አይተዋል። በመጨረሻ ጓደኛቸው እግሩ ታስሮ፣ 5000 ብር ይዞ፣ መናኸሪያ ሲሸኝ አዩ። አንተ ደግ የሠራህ መስሎሃል፤ ክፉ ነህ አልልህም። እነሱ ግን ማታ ቁጭ ብለው ሒሳብ ሠሩ። «ነገ እኔ ብወድቅ የኔም ዋጋ ይኸው ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ በቀን ሃምሳ ብር ብትጨምር ማን ይሰማሃል?

በዚያ ላይ ደግነትህ ከሕጉ በታች ነው። ሳልነግርህ ባልፍ ጥፋት ይሆንብኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊነቱን አሠሪው ላይ ይጥላል፤ አሠሪው ባያጠፋም ጭምር። ልጁ ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ፣ ሰክሮ ካልነበረ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ካልተገኘ በስተቀር የሕክምናው ወጪ ያንተ ነው። ሥራ መሥራት ላልቻለበት ጊዜም ደመወዝ አለው። እስከ አንድ ዓመት ድረስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩትን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ትከፍላለህ። «የቀን ሠራተኛ ነው፣ ውል አልፈረመም» የሚለው አያወጣህም፤ የሥራ ውል በቃልም ይጸናል።

ስለዚህ ወጣት ፍለጋ ከመውጣትህ በፊት መንዝ ደውል። ስልኩ ከሌለህ ካቦው አያጣውም። እግሩ እንዴት ሆነ፣ ጂፕሱ ተፈታ ወይ፣ ድጋሚ ሐኪም አየው ወይ ብለህ ጠይቀው። የሚገባውን ክፈለው። ሲሻለው ደግሞ እርብራብ ላይ መውጣት ካልቻለ ስቶር ላይ ወይም ሰዓት ቁጥጥር ላይ አስቀምጠው። ማስታወቂያ ልትነግርበት አይደለም። ደብረ ብርሃን ግን ወሬ የሚደበቅባት ከተማ አይደለችም፤ ጠዋት ጠዋት ሥራ ፈላጊው ተሰብስቦ የሚቆምበት ቦታ የየትኛው ሳይት ሰውዬ ምን እንዳደረገ በሙሉ ይታወቃል።

የራሴን ልንገርህ። ከዓመታት በፊት ጣርማ በር አካባቢ መንገድ ጥገና ላይ ፎርማን ነበርኩ። የድርጅቱን ስም እንተወው። የዚያን አካባቢ ጉም ታውቀዋለህ፣ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን የማታይበት ቀን አለ። አንድ ገልባጭ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ አካፋ የያዘውን ልጅ በአንድ ክንድ ርቀት ሳተው። ኃላፊያችን ሳቀና «ዕድሜህ ረጅም ነው!» አለው። ማንም አልተጎዳም፣ ማንም ምንም አልጻፈም፣ ለመኪናው የሚያስተካክል ሰው አልተመደበም። በነጋታው አራት ሰው ቀረ፤ አንዱ ምርጡ የግሬደር ኦፕሬተራችን ነበር። ምክንያቱን ጻፍ ስባል «ደመወዝ አንሷቸው» ብዬ ጻፍኩ። ፈርሜበታለሁ። አሁንም ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

እና ከየት ልጀምር ካልከኝ ልጁ ከወደቀበት ጀምር። በብዙ አገር የግንባታ ሠራተኛን በብዛት የሚገድለው ከከፍታ መውደቅ ነው። የባሕር ዛፍ እርብራብ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ አባቶቻችንም በእሱ ሠርተዋል። መጥፎው ሦስት ሕንጻ ያገለገለ፣ ዝናብ የበላው፣ የሚስማር ቀዳዳ የሞላበት እንጨት ነው። መቆሚያው ጣውላ ክፍተት ሳይኖረው ዳር እስከ ዳር ይሙላ፣ ጫፍና ጫፉ ይታሰር፣ በወገብ ቁመት ላይ መደገፊያ ይኑረው። ሴፍቲ ቤልት ከገዛህ ገመዱን እዚያው እርብራብ ላይ እንዳታስርላቸው፤ እርብራቡ ሲወድቅ ሰውየውን ይዞት ይወርዳል። ኮለኑ (የአርማታ ምሰሶው) ላይ ይታሰር።

ደግሞ ውርጩ አለ። ከተማችሁ ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ጣውላው ላይ ነጭ ሆኖ ይጋገራል። ልጁ ያንን በኮንጎ ጫማ ረግጦ ነው 1፡30 ላይ ወደ ላይ የሚወጣው። ያንተም ልጅ ኅዳር ላይ የወደቀው በስንት ሰዓት ነበር? አልጻፍክልኝም። በነዚህ ወራት የከፍታ ሥራ 2፡30 ላይ ይጀመር፣ ጠዋት መሬት ላይ ያለው ሥራ ይቅደም፤ ፌሮ ይቆረጥ፣ ብሎኬት ይቅረብ። ጣውላው ላይ አሸዋ ይበተንበት። ለሰው ባታዝን እንኳ ለሥራው ብለህ አድርገው፤ አርማታ ሳይጠነክር ውርጭ ከመታው ጥንካሬውን እንደሚያጣ አንተም ታውቃለህ።

ሄልሜት አለህ? ብዙ ሳይት አለው። እንደ እናቴ የቡፌ ብርጭቆ ተቆልፎበት ይቀመጥና እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይወጣል። መጀመሪያ አንተ አድርገው። ባለቤቱ በባዶ ራሱ እየዞረ ሠራተኛውን «አድርግ» ቢል ማንም አይሰማውም።

ማታስ? ከመንዝ፣ ከተጉለት፣ ከጅሩ የመጡት ልጆች የት እንደሚያድሩ ሄደህ አይተህ ታውቃለህ? ብዙ ጊዜ አንድ ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰባት ሆነው ነው። ሲበርዳቸው የከሰል ምድጃ አስገብተው በሩን ጥርቅም ያደርጋሉ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ራስ ምታት ነው ብለው ይተኛሉ፣ ጠዋት አይነሱም። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በታወቀች ከተማ ውስጥ ሠራተኛ የሲሚንቶ ከረጢት ለብሶ ሲያድር ማየት ለእኔ ከሁሉም የባሰ ነውር ነው። ለየአንዳንዳቸው ሁለት ብርድ ልብስ፣ ከመሬት ከፍ ያለ መኝታ፣ ምድጃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ጥብቅ ትእዛዝ። ውጪ እየሞቁ ያምሹ።

አረቄውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። «ብርድ ማባረሪያ» ብሎ ጠዋት አንድ መለኪያ የሚገለብጥ ልጅ እንዳለህ አልጠራጠርም። ስድብና ቅጣት ብቻ አያስተወውም። ሌሊቱን በብርድ ያደረ ሰው ጠዋት የሚያሞቀው ይፈልጋል። ሳይቱ ላይ ትኩስ ሻይና ዳቦ ይቅደመው። ያም ሆኖ የጠጣ ሰው ያን ቀን ከፍታ ላይ አይወጣም፤ እዚህ ላይ አትደራደር።

አጨዳ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። የጅሩ ልጅ ስንዴው ሜዳ ላይ ደርቆ አንተ ጋ ፌሮ አያስርም። ልትይዘው ብትሞክር ሳይነግርህ ይጠፋል። ጥቅምት ላይ ሰብስበህ «ማን መቼ ነው የሚሄደው?» ብለህ በተራ አውጣቸውና ቦታችሁ ይጠብቃችኋል በላቸው። ቃልህን ጠብቅ። የሶሌታ ሙሌት ቀንም እንዲሁ ነው። ከጠዋት እስከ ሌሊት አሠርቶ «ምሳ አብልቻቸዋለሁ» ማለት ክፍያ አይደለም። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንቱ የእረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈልበታል። ያውም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ትለኛለህ። በቀን 50 ብር ለ22 ሰው 1100 ብር ነው። በ26 የሥራ ቀን 28,600 ብር። ይህን ያህል በየወሩ ማውጣት ከቻልክ የአንድ ወሩ ብቻ ሄልሜቱን፣ ጓንቱን፣ ጥሩ ጥሩውን ጣውላ ለመጀመር ይበቃህ ነበር። ጭማሪውን ግን መልሰህ እንዳትነሳ! ያን ካደረግክ ያሉት አምስቱም አይቀሩልህም። ይልቅ አምስቱን ጠርተህ ጠይቃቸው። ለምን ቆዩ? እነሱ የሚነግሩህን እኔ አላውቀውም።

ጥያቄ፦ «ከደብረ ሲና ነው የምጽፍልህ። ሳይት ላይ ጠጠርና ውኃ አቀብላለሁ። ዘጠኝ ሴቶች ነን። ሽንት ቤት የለም። ወንዶቹ ግድግዳ ጥግ ይሄዳሉ፤ እኛ ግን እንዳይመጣብን ብለን ጠዋትም ምሳ ላይም ውኃ አንጠጣም። አሁን አሁን ሽንቴን ያቃጥለኛል። ጓንት ስንጠይቅ ካቦው ‹ከቤትሽ አምጪ› ይለናል፤ እጄ በሲሚንቶ ተላልጧል። ሌላ ሳይት በቀን 40 ብር ቀንሶ የሚከፍል፣ ግን ሽንት ቤትና ልብስ መቀየሪያ ያለው አለ። ባለቤቴ አብደሻል ወይ ይለኛል። ልሂድ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ሳይቱ ከማውራታችን በፊት ነገ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ማቃጠሉ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ውኃ አለመጠጣትና ሽንት መያዝ ያባብሰዋል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ከጠረጠርሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው፣ ያኔ ጉዳዩ የበለጠ ያስቸኩላል። ወገብሽን ካመመሽና ትኩሳት ካለሽ ነገም አትበዪ፣ ዛሬ ሂጂ።

እጅሽን በተመለከተ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፤ ቀስ ብሎ ስለሆነ አይታወቅም እንጂ። የነካሽን ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ታጠቢው፣ ማታ ቤት እስክትገቢ አትጠብቂ። የረጠበ ልብስም ቀይሪ። ጓንቱን ደግሞ ማምጣት ያለበት አሠሪው ነው። አዋጁ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብን ግዴታ የጣለው እሱ ላይ እንጂ አንቺ ላይ አይደለም።

ካቦው ጋ ደግመሽ አትሂጂ። ዘጠኛችሁም አንድ ላይ ሆናችሁ በምሳ ሰዓት ኢንጂነሩን ወይ ባለቤቱን አናግሩት። አንድ ሴት ስትናገር «ቀበጠች» ይባላል፣ ዘጠኝ ሲናገሩ ነገ ጠጠር የሚያቀብል እንደማይኖር ይገባዋል። የሚጠየቀው ትልቅ ነገር አይደለም፤ ጉድጓድ፣ አራት ቆርቆሮ፣ ከውስጥ የሚዘጋ በር፣ አንድ ጀሪካን ውኃ። እምቢ ካለ በከተማችሁ የሠራተኛ ጉዳይን የሚይዘው ጽሕፈት ቤት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አለው፤ ለእሱ ማመልከት መብታችሁ ነው።

ልሂድ ወይ ላልሽው፣ ሳምንት ጠብቂያቸውና ካልሠሩ ሂጂ። 40 ብር በ26 ቀን 1040 ብር ነው፣ ቀላል አይደለም፤ ባለቤትሽ ያለው ይገባኛል። ለእሱም ሒሳቡን አሳይው፤ የምርመራውን፣ የመድኃኒቱን፣ ታመሽ የምትቀሪበትን ቀን ደምሩበት። ከቆዳሽና ከኩላሊትሽ የሚቀነሰው ግን እዚያ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

(የመጀመሪያው ጠያቂዬ፣ ይህን እያነበብክ ነው? አንተ 50 ጨምረህ ሰው አጣህ። ይቺ ሴት ለአንድ ሽንት ቤት ብላ 40 ልትተው ነው።)

ጥያቄ፦ «ሸዋ ሮቢት ፎርማን ነኝ። ከደብረ ብርሃን የመጡ ልጆች በሙቀቱ ሳምንት ሳይሞላቸው ይመለሳሉ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ስትወርድ 1500 ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው የምትወርደው። ልጁ ማክሰኞ ውርጭ ላይ ነበር፣ ሐሙስ አንተ ቆላ ላይ ጉድጓድ ታስቆፍረዋለህ። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ይፈልጋል። አዲስ የመጣውን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ሰዓት ብቻ አሠራው፣ ቀስ እያልክ ጨምርለት። ጠዋት 12 ሰዓት ጀምሩ፣ ከቀትር በፊት ከባዱን ጨርሱ፣ ፀሐይዋ እስክትበርድ ጥላ ሥር እረፉ። ውኃ በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፤ እስኪጠማ አይጠበቅም። ጀሪካኑ ከሥራው ቦታ 100 ሜትር ከራቀ ማንም አይሄድም፣ አጠገቡ አድርገው። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙትን ለይተህ እወቃቸው፤ ለእነሱ ጥላ ውስጥ ያለ ሥራ ስጣቸው። አንዱ መቀባዠር ከጀመረ፣ ከተንገዳገደ፣ ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለ ስንፍና አይደለም። ጥላ ውስጥ አስገብተህ ውኃ አፍስስበት፣ እያራገብክ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰደው።

ጥያቄ፦ «ልጄ፣ እኔ 61 ዓመቴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ስጠርብ ኖርኩ። ዘንድሮ ሳል ያዘኝ፣ ወር አልፎታል። ልጄም ከእኔ ጋር በግራይንደር ነው የሚቆርጠው። ላስቆመው?»

መልስ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይማርዎት። ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል የቲቢ ምርመራ ይፈልጋል፤ የእርስዎ ወር አልፎታልና አይቆዩ። ሐኪሙ ባይጠይቅዎት እንኳ «የድንጋይ አቧራ ስውጥ ነው የኖርኩት» ብለው ይንገሩት። የደረት ኤክስሬይ ሲያይ የሚፈልገው ነገር ይለያያል፤ የድንጋይ አቧራ ሳንባን ከመጉዳቱም በላይ ለቲቢ ያጋልጣልና።

ልጅዎ እንጀራውን አያቁም፣ በደረቁ መቁረጡን ያቁም። ግራይንደር ከመሮ የባሰ ነው፤ ሳንባ ድረስ የሚገባውን በጣም ደቃቁን አቧራ የሚያበዛው እሱ ነው። በእጅ የሚያዝ ግራይንደር ላይ ውኃ ዝም ብሎ ማፍሰስ ግን በኤሌክትሪክ ያስይዛል፤ ለውኃ የተሠራ መቁረጫ ማሽን ተከራዩ ወይም ድንጋዩን አስቀድማችሁ በደንብ አርሱት፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጋችሁ ቁረጡ። ፎጣ አፍ ላይ መጠምጠም ሰውን ያጽናናዋል እንጂ ደቃቁን አቧራ አያስቀረውም። ለአቧራ የተሠራውን፣ ፊት ላይ ግጥም የሚለውን ማስክ ያድርግ። የሚያሠራችሁ ተቋራጭ ካለ ይግዛላችሁ። ልጅዎም አብሮዎት ይመርመር። ውጤቱን ሲነግሩዎት ይጻፉልኝ፤ መጻፉ ካታከትዎት ልጅዎ ይጻፍልኝ።